ቀጭን ዘይት

«ከሦስቱ የእሱ ብቻ በምን ተአምር ዳነች?»

ወንዳፍራሽ ይህን የሰማው የጫማውን ጭቃ በረንዳው ጠርዝ ላይ ሲያራግፍ ነው። በግራ እጁ ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ቀኝ እጁን ገርበብ ያለውን በር ሊያንኳኳ አንስቶ ነበር፤ እንዳነሳ ቀረ። የተናገረችው ሙሉዬ ናት። ሙሉዬ የጓደኛው የኪዳነወልድ ሚስት፣ ለእሱም አበልጁ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ከተቀመጡት ጠያቂ ሴቶች አንዷ ብቻ ከንፈሯን መጠጠች። «ተከታትለው ነው የወጡት» አለች ሙሉዬ፤ «የእኛና የዚያ የሆለታው ልጅ መኪና ነደዱ። የእሱ ኩርባው ጋ ሳትደርስ ቆመች። ቆመች ነው የሚለው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አማቾቹ የዚያው አገር ሰዎች አይደሉ?»

ተመልሶ መሄድ ይችል ነበር። ነገር ግን ሲገባ ያየው ጎረቤት ወዲያው ሲወጣ ቢያየው ያም ሌላ ወሬ ይሆናል። ከረቡዕ ወዲህ እንዲህ ነው የሚያስበው፤ አንድ እግሩን ከማንሳቱ በፊት ሰው ምን እንደሚል ያሰላል። ስለዚህ ጮክ ብሎ አሳለና «ቤቶች!» አለ። ውስጥ ያለው ወሬ እንደ ሬዲዮ ጠፋ።

ቤቱ ዓለም ገና ከአስፋልቱ ኋላ ከተደረደሩት የኪራይ ቤቶች አንዱ ነው። አልጋና ሶፋው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው መሀላቸው አበባ ያለበት መጋረጃ ይለያቸዋል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ አናቱ ላይ የልጆቹ የትምህርት ቤት ፎቶ አለ። የመጋረጃው ገመድ ላይ እንዲደርቅ የተሰጣ ፋሻ ተንጠልጥሏል፤ ታጥቦ እንደገና ሊታሰር ነው። ኪዳነወልድ ትራስ ተደግፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹ እስከ ክርናቸው ተጠቅልለዋል። ቅንድቡ ስለተለበለበ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መስሏል። ሴቶቹ እግዜር ይማርህ ብለው አንድ በአንድ ሲወጡ ወንዳፍራሽን በዓይናቸው እንጂ በአፋቸው ሰላም አላሉትም። ሙሉዬ ፌስታሉን ተቀብላው ወደ ጓዳ ገባች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ለምን ተቸገርክ» ትለው ነበር። ዱካ አመጣችለት። ስለ ፋሻው ዋጋ አወራች፤ አንዱ ጥቅል አሥራ ሁለት ብር ገብቷል፤ ቅባቱ ደግሞ አዲስ አበባ ካልተሄደ አይገኝም፤ ስኳርም ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ሰነበተ። ወንዳፍራሽ ለሁሉም «እህ፣ እህ» አለ። ኪዳነወልድ ጣሪያውን ነው የሚያየው። በመጨረሻ፣ ሙሉዬ እንደገና ወደ ጓዳ ስትገባ፣ አንገቱን ሳያዞር ጠየቀ።

«ምን ሆና ነው የቆመችው?»

«ሞተሯ ነከሰ።»

«ምን አስነከሳት?»

«ዘይት ይመስለኛል። ዛሬ ይፈቱታል፣ አሁን ወደዚያው ነኝ።»

«ዘይቱን ማን ቀየረልህ?»

«ያው... ሰበታ ነው የተቀየረው» አለ ወንዳፍራሽ። ኪዳነወልድ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። የተጠየቀው ‹ማን› ነው፤ የመለሰው ግን ‹የት› የሚለውን ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ጓዳ ውስጥ የሚንኳኳው የዕቃ ድምፅም ቆሟል።

ረቡዕ የሆነው ይህ ነበር። ሦስቱ ሚኒባሶች እንደ ወትሮው የፋብሪካ ሠራተኞች ጭነው በማለዳ ከዓለም ገና ወጡ። ኪዳነወልድ ከፊት፣ የሆለታው ልጅ መሀል፣ ወንዳፍራሽ ከኋላ። ሰበታን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ የወንዳፍራሽ ዶልፊን በሆዷ ውስጥ መዶሻ የሚያነሱባት ይመስል ትንኳኳ ጀመር። ጉልበት አጣች፤ ከዚያ አንዴ ጮኻ ደርቃ ቀረች። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ በባርኔጣው ጭስ ሲያባርር ከኩርባው ወዲያ ሌላ ጭስ ተነሳ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፤ መንገድ የዘጉ ሰዎች ሁለቱን መኪኖች ለኩሰዋቸዋል። ሠራተኞቹ ወርደው በየማሳው ስለሮጡ ሰው አልሞተም። ኪዳነወልድ ግን መሸሽ አቃተው። አሥር ዓመት ሙሉ እንጀራው የሆነችውን መኪና እሳት በባዶ እጁ ሊያጠፋ ገባ። ወንዳፍራሽ ስለዚያች ጭስ በቀን ብዙ ጊዜ ያስባል። ነገር ግን ከጭሱ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዘይቱን የቀየረው ኦዳ ነው፤ የሚስቱ የላሊሴ ታናሽ ወንድም። ሰኞ ዕለት ወንዳፍራሽ መኪናዋን ግቢ አቁሞ ለቀብር ወጣ፤ ሲመለስ ኦዳ መጥቶ ቀይሮ ሄዷል። ሁለቱ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ አይነጋገሩም። በዓሉ ዕለት አማቱ ኦቦ ቦጂያ ቤት ገበታ ላይ እያሉ፣ በኦቦ ቦጂያ ማሳ ጫፍ ስለተተከለው የቀያሾች ችካል ወሬ ተነሳ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለም በኋላ ችካሉን የነቀለው የለም። ወንዳፍራሽ «መንግሥትን በድንጋይ የመለሰ አለ እንዴ?» አለ። ኦዳ የጎረሰውን ውጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ወንዳፍራሽ አያነሳም።

ጋራዡ ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ አጥሩ ቆርቆሮ፣ መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሮ የደደረ። መካኒኩ አለሙ ሞተሩን አውርዶ ጣውላ ላይ አስቀምጦታል። ወንዳፍራሽ ሆዱ የተከፈተ ዘመድ ያየ ያህል ቀፈፈው። አለሙ ከሥሩ ባለው ሳህን ውስጥ ጣቱን ነከረና ከፍ አድርጎ አንጠባጠበው። ዘይቱ እንደ ውሃ ተከታትሎ ወረደ።

«ይህ ለአዲስ መኪና ነው» አለ፤ ወንዱንም መኪናውንም በሴት አንቀጽ ጠርቶ የሚቀልድ ሰው ነው። «ያንቺ ደግሞ አሮጊት ናት፤ ብረቷ ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቷል። እሷን የሚይዝላት ወፍራሙ ነበር። ቀጭኑ ሲሞቅ ይሸሻል። ግማሹን አጭሳዋለች፤ የቀረው ደግሞ ላይ ለመውጣት ግፊት አጣ። ከዚያ ብረት ብረትን በላው። እዪ።» አንድ ቅርፊት የሚመስል ስስ ብረት አንስቶ ሰጠው። ለስልሶ ማብረቅረቅ የነበረበት ገጹ ጥፍር የቧጠጠው ይመስል ተላልጧል። «የዘይት መብራት አልበራብሽም?»

«ብልጭ ብሎ ነበር ማክሰኞ። ሽቦ ነው ብዬ...»

«ሽቦ!» አለሙ ሳቀ፤ ዛሬ ግን ሳቁ አልቀጠለም። ዙሪያውን አየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረብ አለ። «ማነው የሞላልህ? ግድ የለም፣ አትንገረኝ። ይህን ያደረገ ሰው ወይ ጭራሽ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ በጣም ያውቃል።»

ወንዳፍራሽ ስሱን ብረት ኪሱ ከተተ። ለምን እንደከተተው አላወቀም። ከጋራዡ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው። ከፖሊስ ጣቢያ መሆኑን የነገረው ድምፅ ትሑት ነበር፤ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቅ ብትል፣ ስለ መኪናህ ጥቂት ነገር እንድታስረዳን ነው» አለ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ ለጥቂት ነገር የተጠሩ ሰዎች ምግብ የሚወሰድላቸው የት እንደሆነ እስኪታወቅ ሳምንት ይፈጃል።

ወደ ሰበታ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ሰዎች ጎን ተሰካ። ሲገባ በኦሮምኛ ስለ አንድ የታሰረ መምህር ያወሩ ነበር፤ ሲቀመጥ ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ፤ ቋንቋውም ወደ አማርኛ። ወንዳፍራሽ ኦሮምኛ ይሰማል። በገበያና በለቅሶ ቤት የሚበቃውን ያህል ይናገራልም። ሰበታ ሲመጣ ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነበር፤ እዚህ መንዳት ተማረ፣ እዚህ አገባ፣ እዚህ ወለደ። ሰዎቹ ግን ይህን ሁሉ ከፊቱ ላይ ሊያነቡት አይችሉም። እሱም በበኩሉ የእነሱን ፊት እያየ፣ ረቡዕ ዕለት የት ነበሩ ይሆን ይላል። ከጎኑ ያለው ሰውዬ ጃኬት ጥግ ላይ ጥቁር ነገር አየ፤ ጥላሸት መሰለው። ቀና ብሎ ሲያጣራ የጫማ ቀለም ነው። አፈረ።

ኦዳ የሚሠራበት የመለዋወጫ ሱቅ ከገበያው መግቢያ ነው። የቆርቆሮ መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል፤ በዚህ ሰሞን ሱቅ ሁሉ በግማሽ ነው የሚከፈተው። ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብሎ ገባ። መደርደሪያው ላይ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ ተደርድሯል፤ ዘይት ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ኦዳ ከባንኮው ኋላ ተነሳ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ያለ፣ እህቱን በዓይኑ የሚመስል ልጅ።

«አካም ቡልቴ፣ ሶዳ» አለው፤ እንዴት አደርክ አማቼ ማለቱ ነው። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ያናገረው የመጀመሪያ ቃል።

ወንዳፍራሽ ሰላምታውን አልመለሰም። ስሱን ብረት ከኪሱ አውጥቶ ባንኮው ላይ አኖረው። «ምንድን ነው የሞላህልኝ?»

ኦዳ ብረቱን አነሳ፤ አገላብጦ አየው፤ ፊቱ ጠቆረ። «ቀጭኑን ነው። ወፍራሙ አልነበረም ወንዴ። መንገዱ ተዘግቶ ጭነት አልገባም፤ ከእኛም ከሌላውም ሱቅ ጠፍቷል። የነበረው ዘይት ደግሞ ሬንጅ ሆኗል። እሱን ከምትይዝ ለጥቂት ቀን ይህ ይሻላል አልኩ። በየጠዋቱ ልኩን እይ፣ ዳገት ላይ አትጫናት፣ ወፍራሙ እንደተገኘ እንቀይረዋለን ብዬ ነበር እኮ።»

«ለማን ነው ያልከው?»

«ለላሊሴ። ላንተማ ስደውል አታነሳ።»

ይህ እውነት ነው። ላሊሴ ሰኞ ማታ እራት እያቀረበች «ኦዳ እንዲህ ይላል» ብላ የጀመረችው ነገር ነበር። ወንዳፍራሽ ኦዳ የሚለውን ስም ሲሰማ ነው ጆሮውን የዘጋው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውስም። ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ሙሉ እውነት አይደለም። ልጁ ሲናገር ለምን ብረቱን እንጂ እሱን አያየውም? የአለሙ ቃል ጆሮው ውስጥ እንደ ዝንብ ይዞራል። ሊጠይቅ የመጣው ይህን አልነበረም።

«ረቡዕ እዚያ ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቅ ነበር?»

ኦዳ ወደ መዝጊያው፣ ከሥሩ ወደሚያልፉት እግሮች ተመለከተ። ሲናገር ድምፁ ወረደ። «ረቡዕ ከቤት አትውጡ፣ መኪናም እንዳይወጣ ተብሎ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የት እንደሚቃጠል፣ ማን እንደሚያቃጥል አላውቅም። አትውጡ መባሉን ግን ያልሰማ አልነበረም። ካንተ በቀር።»

«አልሰማሁም ወይስ አልተነገረኝም?»

«እሱን እህቴን ጠይቃት።»

ወንዳፍራሽ የወጣትነት ዕድሜውን የፈጀበት ሰፈር፣ በሠርጉ የጨፈረበት፣ በለቅሶው ድንኳን የተከለበት ሰፈር፣ አንድ ላይ አንድ ነገር አውቆ ከእሱ ደብቋል። በረንዳው ላይ ሆኖ የሰማውን የሙሉዬን ነገር ሲያስበው ሊስቅ ቃጣው፤ እነዚያ ያውቃል ይሉታል፣ እነዚህ እንዳያውቅ ያደርጉታል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቢያ ተጠርቻለሁ» አለ።

ኦዳ ብረቱን ቀስ አድርጎ ባንኮው ላይ መለሰው። «ማን ሞላልህ ይሉሃል።»

«አዎ።»

«ምን ትላለህ?»

«አላውቅም» አለ ወንዳፍራሽ። የምሩን ነበር። ኦዳ አልለመነውም። ዞር ብሎ ተስተካክለው የተደረደሩትን ፊልትሮዎች እንደገና ማስተካከል ጀመረ። ቢለምነው ወንዳፍራሽ ይቀለው ነበር፤ ልመናውን አይቶ አንድ ነገር ይቆርጥ ነበር። ጀርባውን ግን ማንበብ አልቻለም።

ጣቢያው በር ላይ ስልኩን ተቀበሉት። ኮሪደሩ ውስጥ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ቁርስ እንኳ ያልበሉ የሚመስሉ ሰዎች ተደርድረውበታል፤ ማንም ማንን አያይም። ሲጠሩት ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባ። መርማሪው የደንብ ልብስ አልለበሰም፤ ሹራብ ለብሶ ሻይ ይጠጣል፤ ለወንዳፍራሽም እንዲመጣለት አዘዘ። ስለ ልጆቹ ጠየቀው። ስለ ኪዳነወልድ እጆች አዘነ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ አንድ ጥጉ ተገንጥሎ ብርሃን ያስገባል። ከዚያ ሻዩን አስቀመጠና፣ መኪናው ለምን እንደቆመ በራሱ አፍ እንዲያስረዳው ጠየቀ። ወንዳፍራሽ ስለ ዘይቱ ነገረው፤ ስለ ቀጭኑና ስለ ወፍራሙ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ብረቱ። ሲናገረው ለራሱም ውሸት መሰለው። ሁለት መኪና የነደደበትን ቀን በዘይት ውፍረት ሊያስረዳ የሚሞክር ሰው ማን ያምነዋል?

«ይሁን» አለ መርማሪው። «ዘይቱን ማን ሞላው?»

ወንዳፍራሽ ሻዩን ጎነጨ፤ ቀዝቅዟል።

«አማችህ መለዋወጫ ቤት ይሠራል አይደል?» አለ መርማሪው ለስለስ ብሎ። «እኛ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ካንተ አፍ እንድንሰማው ነው። አንተ የሰው ነገር ለምን ትሸከማለህ? ቤተሰብ አለህ። ነገ ማንስ ይደርስልሃል፤ እነሱ?»

እነሱ የምትለዋ ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረች። ወንዳፍራሽ ከጠዋት ጀምሮ ይህችኑ ቃል በሆዱ ሲያመላልስ ነው የዋለው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማት ግን ጎመዘዘችው። የአለሙን ነገር አሰበ። ኦዳ ጭራሽ የማያውቅ ከሆነ ባላዋቂነቱ ነው የሚያስይዘው፤ ዘይት ስለጠፋ ቀጭን የሞላ ልጅ እዚህ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያም ወዴት እንደሚወሰድ አይታወቅም። በጣም የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ፣ አስቦና አቅዶ ያችን መኪና ከኩርባው በፊት ያቆማት ከሆነ፣ ይህ ልጅ የወንዳፍራሽን ነፍስ ያተረፈ ልጅ ነው። የትኛው እንደሆነ አላወቀም። ምናልባት መቼም አያውቅም። ነገር ግን ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ስሙን አውጥቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይሆንለትም።

«እኔ ነኝ የሞላሁት» አለ።

«አንተ?»

«ወፍራሙ ጠፋ። ያገኘሁትን ሞላሁ።»

«ከየት ገዛኸው?»

«መርካቶ፣ ከመንገድ ላይ።»

መርማሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌር ለአሮጌ ዶልፊን ቀጭን ዘይት ይሞላል?»

«ሃያ ዓመት የነዳም ይሳሳታል ጌታዬ።»

«ወይም አይሳሳትም። አውቀህ ነው ያቆምካት የሚል ቢመጣስ? ጓደኞችህን ከፊት ልከህ?»

ወንዳፍራሽ ይህን አላሰበውም ነበር። የኪዳነወልድ ፊት፣ ወደ ግድግዳው የዞረው፣ ዓይኑ ላይ መጣበት። «ይበሉ» አለ፤ «ምን አደርጋለሁ።» መርማሪው መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተና እስኪጠራ ድረስ ከሰበታ እንዳይወጣ ነገረው። «ጥሩ ሹፌር ነው ብለውኝ ነበር» አለ ሲያሰናብተው።

ኮሪደሩ ላይ ሙሉዬ ተቀምጣለች። ባሏ መንቀሳቀስ ስላልቻለ ቃል እንድትሰጥ እሷን ጠርተዋታል። ወንዳፍራሽን ስታይ ተነሳች፤ አበልጅነት ደመ ነፍስ ነው። «ምን አሉህ?» አለችው። «ዘይቱን ማን ቀየረው አሉኝ፤ እኔ ነኝ አልኳቸው» አለ፤ አጠገባቸው የቆመው ፖሊስ እየሰማ ሌላ ሊል አይችልም። ሙሉዬ ነጠላዋን ሰብስባ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከዚያ፣ እሱ መቀመጥ የፈለገ ይመስል፣ ከነበረችበት ፈቀቅ ብላ ወደ አግዳሚው ጫፍ ሄደች። ከእንግዲህ እነዚያ ብርቱካኖች ይበላሉ ብሎ አላሰበም።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ ጀርባ አዘንብላለች። የእሱ ቤት ከኦቦ ቦጂያ ግቢ ጋር አንድ አጥር ይጋራል። በረንዳው ላይ የኦቦ ቦጂያ ጋቢና ከዘራ ይታያል፤ ሽማግሌው መጥተዋል። ውስጥ በዝግታ ወሬ ነበር፤ የእሱ ኮቴ ሲሰማ ቆመ። ይህ ለዛሬ ሁለተኛው ነው። ገባ። ላሊሴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ አባቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጠዋል።

«ና ግባ፣ ልጄ። በሰላም ለቀቁህ?»

«በሰላም ነው አባባ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን።» ሽማግሌው ጠበቁ። ጥያቄውን ማንም አልጠየቀም። ክፍሉ ውስጥ ግን ከእሱ ሌላ ነገር አልነበረም።

«ዘይቱን እኔ ነኝ የሞላሁት አልኳቸው» አለ ወንዳፍራሽ። «ስሙን አላነሳሁም። እነሱ አነሱት፤ እኔ አላነሳሁም።»

ላሊሴ አባቷን አየች። ኦቦ ቦጂያ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት አዩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ በዕድሜያቸው ሦስት መንግሥት፣ ብዙ ቀያሽ፣ ብዙ መሐላ አይተዋል። «እውነት ከሆነ እግዜር ይስጥህ» አሉ በመጨረሻ። «ካልሆነም ልጁ እዚህ የለም። ቀትር ላይ ሱሉልታ፣ የእናቱ እህት ቤት ልኬዋለሁ።»

ወንዳፍራሽ ቀትርን አሰላ። ከሱቁ እንደወጣ ነው። እሱ ገና ምን እንደሚል ሳያውቅ፣ እነሱ ይናገራል ብለው ወስነው ነበር። ሊቀየም ፈለገ፤ ቅያሜው ግን አልመጣለትም። «እኔም ብሆን እልከው ነበር» አለ። ሽማግሌው ቀና ብለው ሲያዩት ትንሽ ሳቅ መሰል ነገር ጢማቸው ውስጥ አለፈ። ትከሻውን ተደግፈው ተነሡ፤ ሰዓት እላፊው ሳይገባ ብለው ወጡ።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። ላሊሴ እራት ልታቀርብ ወደ ጓዳ ስትል ጠራት። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር አለኝ ወንድምሽ። አንቺስ?»

«ነግሬህ ነበር።»

«ምን ብለሽ? ‹ዛሬ ብትቀርስ፣ ሆዴ ፈራ› ነው ያልሽው። የሴት ወሬ ብዬ ወጣሁ።»

«ከዚያ በላይ ብነግርህ ማን ነገረሽ ትለኝ ነበር። አትልም?» ድምፅዋ አልተነሳም። «ኦዳ ማለት ሊኖርብኝ ነው። ያን ስም አንዴ ከሰጠሁህ ዛሬ እዚያ ሄደህ ታስቀረው ነበር ወይስ ታወጣው ነበር፣ እኔ በምን አውቃለሁ? ስሙን ስትሰማ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን አንተ አታየውም።»

«ስለዚህ እኔ ልንደድ?» አለ። ቀኑን ሙሉ የታመቀው ነገር ይህ ነበር፤ ሲወጣ ከጠበቀው በላይ ትንሽ ድምፅ ሆነ። «ወንድምሽን ለማዳን እኔ ልንደድ?»

ላሊሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያን ጠዋት የመኪናህን ቁልፍ ስትፈልግ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

ወንዳፍራሽ አሰበ። ቤቱን አገላብጦ፣ ልጆቹን ቀስቅሶ ጮኾ፣ እሷንም ሰድቦ፣ በመጨረሻ ሽሮው ጣሳ ውስጥ ነበር ያገኘው። ሠራተኞቹ ሲጠብቁት ስለነበር እጁን እንኳ ሳያራግፍ ነው የወጣው፤ መሪው ላይ ሁሉ ሽሮ ነበር። ያ ባይሆን እንደ ሁልጊዜው ከፊት የሚወጣው እሱ ነበር፤ ያን ዕለት ዘግይቶ ነው ከኋላ የሆነው። በዚህ ሳምንት ያልጠረጠረው ሰው የለም፤ ኦዳን፣ አለሙን፣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ ጃኬት ሳይቀር ጠርጥሯል። ቁልፍ በራሱ እግር ሽሮ ውስጥ እንደማይገባ ግን አንድም ጊዜ አልታሰበውም።

ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ላሊሴ እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ስልኳን አነሳች። ደወለች፤ በኦሮምኛ በዝግታ ተናገረች። «ስምህን አላወጣም» ስትል ሰማ። «እኔ ነኝ አላቸው» ስትል ሰማ። ከዚያ ስልኩን ሳትጠይቀው እጁ ላይ አኖረችለት።

ወንዳፍራሽ ጆሮው ላይ ያዘው። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከኋላው ውሻ ይጮሃል። ና ተመለስ ሊለው ፈለገ፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን እንዲህ ባለ ቀን ከጣቢያ የመጣ ሰው ና ሲል እዚያ በኩል እንዴት እንደሚሰማ አሰበ።

«ሱሉልታ ይበርዳል?» አለው።

ኦዳ ጥያቄውን ከፊትም ከኋላም ሲያየው የሚሰማ ይመስል ነበር።

«ይበርዳል ወንዴ» አለ በመጨረሻ። «እጅግ ይበርዳል።»

«ደርበህ ልበስ» አለ ወንዳፍራሽ። «አትቸኩል።»